ድምፃችን መቆጠር የሚጀምረው ከምዝገባው ነው

ምርጫ ሲባል አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚመጣለት የድምፅ መስጫው ቀን ነው፣ ሰልፉ፣ ጣት ላይ የሚቀባው ቀለም፣ ማታ ቲቪ ላይ የሚነገረው ውጤት። እኔ ግን ስንቱን ምርጫ አይቼ የደረስኩበት ነገር ቢኖር ግማሹ ጉዳይ የሚያልቀው ከዛ ቀን በፊት ምዝገባ ላይ መሆኑን ነው። መዝገቡ ላይ ስምህ ከሌለ በቃ የለህም፣ የፈለግከውን ፓርቲ ብትደግፍ፣ ፌስቡክ ላይ ሲነጋም ሲመሽም ስትፅፍ ብትውል፣ የዛን ቀን ወረቀት የሚሰጥህ የለም። እኛ ደግሞ መሀል አዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች፣ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ ቀበና ያለን፣ ከ2016 ወዲህ ሰፈሩ እንዳለ ስለተቀየረብን ይሄ የመዝገብ ነገር ከማንም በላይ ይነካናል። ስለዚ ዛሬ ረዘም አርጌ ነው ምፅፈው፣ ታገሱኝ።

በመጀመሪያ ምንድነው ምንመርጠው የሚለውን እናጥራው ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ጋር ነው ሚምታታበት። አዲስ አበባ በህገ መንግስቱ አንቀፅ 49 መሰረት ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ስልጣን አላት፣ ተጠሪነቷ ለፌደራል መንግስቱ ነው፣ ነዋሪዋም በተወካዮች ምክር ቤት ይወከላል ይላል። በተግባር ሲታይ የተወካዮች ምክር ቤት ካለው 547 ወንበር ውስጥ የአዲስ አበባ 23 ነው። የከተማው ምክር ቤት ደግሞ 138 ወንበር አለው። ስለዚ ሁለቱ ምርጫ አንድ ቀን ሲውል፣ እንደ 2013ቱ ማለት ነው፣ አንድ ሰው ሁለት ወረቀት ነው ሚቀበለው፣ አንዱ ለፓርላማ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት። ከንቲባ የሚባል ስም ወረቀቱ ላይ የለም። ከንቲባውን እኛ በቀጥታ አንመርጥም፣ የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፣ የከተማውን በጀት የሚያፀድቀውም እሱ ነው። እና "ከንቲባው እንዲህ አረገ እንዲያ አረገ" ብለን ስንናደድ የምክር ቤት አባላችን ማን እንደሆነ ስሙን እንኳን የምናውቀው ስንቶቻችን ነን? እኔ ሰፈሬ ውስጥ ሰው እየያዝኩ ጠይቄያለሁ፣ ከወጣት እስከ ሽማግሌ፣ ስም የጠራልኝ ሰው አላገኘሁም። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

የከተማው ምክር ቤት ምርጫ ዝም ብሎ ተቀፅላ እንዳልሆነ ለመረዳት 1997ን ማስታወስ ይበቃል። ግንቦት 7 ቀን ነበር ምርጫው፣ ከሱ በፊት የነበሩትን ሁለት የመስቀል አደባባይ ሰልፎች፣ ሚያዝያ 29ና 30፣ የዛን ጊዜ ነፍስ ያወቀ የአዲስ አበባ ሰው አይረሳቸውም። ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰደ፣ ከከተማው ምክር ቤት ደግሞ ከ138ቱ 137ቱን። ከዛ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ውዝግቡ፣ የሞቱት ልጆች፣ እስሩ፣ የተመረጠው ምክር ቤት ስራውን ሳይረከብ ቀረና ከንቲባ ይሆናሉ የተባሉት ዶ/ር ብርሃኑ ነጋም ታሰሩ፣ ከተማዋ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ በሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ስር ገባች፣ እስከ 2000 ድረስ። እንግዲህ ያን ያህል ህዝብ ወጥቶ መርጦ የመረጠው አስተዳደር አንድ ቀን እንኳን ከተማውን አላስተዳደረም። የኛ ሰፈር ትልልቅ ሰዎች "ምርጫ ምን ይሰራል" ሲሉ ይሄን ይዘው ነው፣ አልፈርድባቸውም፣ የምር አልፈርድባቸውም። ግን አልስማማም፣ ለምን እንደማልስማማ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አሁን ዋናው ነገር ልግባ። ከፓርላማውና ከከተማው ምክር ቤት በታች የአካባቢ ምርጫ የሚባል አለ፣ ወረዳ ቀበሌ ድረስ የሚወርድ ማለት ነው። ይሄ ምርጫ በሚያዝያ 2000 ተካሄደ፣ ያኔ በሀገር ደረጃ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ወንበሮች ቁጥር ወደ 3.6 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፣ ልብ በሉ 3.6 ሚሊዮን ወንበር፣ ይሄን ሁሉ እጩ ማቅረብ የሚችል ከገዢው ፓርቲ ውጪ ማን ሊኖር ነው፣ ዋና ዋና ተቃዋሚዎችም ከውድድሩ ወጡ፣ ኢህአዴግ ጠቅልሎ ወሰደው። በሚያዝያ 2005 እንደገና ተካሄደ፣ ያኔ ደግሞ 33 ፓርቲዎች አንሳተፍም ብለው ቀሩ። በ2010 ሌላው ዙር መሆን ነበረበት፣ ግን ሀገሪቷ በነበረችበት ሁኔታ ምክንያት ተራዘመ፣ የከተማው ምክር ቤት የስራ ዘመንም አብሮ ተራዘመ። ከዛ ሰኔ 14 ቀን 2013 የከተማው ምክር ቤት ምርጫ ከጠቅላላ ምርጫው ጋር አብሮ ተካሄደና አዲሱ ምክር ቤት መስከረም 2014 ስራ ጀመረ። በ2005 የተመረጠ ምክር ቤት እስከ 2014 ቆየ ማለት ነው፣ አምስት አመት ብለን የመረጥነው። ወረዳውስ? የዛን ቀን የተሰጡን ወረቀቶች ሁለት ነበሩ፣ የወረዳ ምክር ቤት የሚል ሶስተኛ ወረቀት አልነበረም።

ይሄ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። የኛ ሰው ከመንግስት ጋር በየቀኑ የሚገናኘው ፓርላማ አይደለም። መታወቂያ የሚታደሰው ወረዳ ነው፣ የልደት ሰርተፍኬት ወረዳ ነው፣ የቀበሌ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ለማስጠገን ደብዳቤ ሚፃፈው ወረዳ ነው፣ የንግድ ፈቃድ፣ የሸማቾች ሱቅ ዘይትና ስኳር ሲመጣ ስም ዝርዝሩ፣ ግቢ ውስጥ ሽንት ቤት ሞልቶ መኪና እስኪመጣ ለማን ነው አቤት ሚባለው? ወረዳ። አንድ ጎረቤታችን የሆኑ እናት አሉ፣ እማማ ነው ምንላቸው ሁላችንም፣ ባለፈው ቡና ላይ ይሄን ስናወራ "ልጄ እኔ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ምን ጉዳይ አለኝ፣ የኔ ጉዳይ እዛ መስኮት ላይ ያለው ልጅ ጋ ነው፣ ነገ ነይ ካለኝ ነገ ነው" አሉኝ። እኔም "እማማ እሱማ ሰራተኛ ነው፣ እሱን የሚቆጣጠረው የወረዳው አስተዳደር ነው፣ አስተዳደሩን የሚጠይቀው ደግሞ እርስዎ የመረጡት ምክር ቤት መሆን ነበረበት" ስላቸው "እና መቼ መረጥኩ?" አሉ። በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ህገ መንግስቱ አንቀፅ 50 ላይ ህዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ስልጣን መሰጠት አለበት ይላል። የእማማ መስኮት ጋ ነው እንግዲህ የዝቅተኛው እርከን ያለው፣ እዛ ጋ ነው ምርጫው የጠፋው። ለኔ ከሁሉም ምርጫ በላይ የሚያስፈልገን ይሄኛው ነው፣ ፓርቲዎችም ቅስቀሳ ሲመጡ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው "የወረዳ ምርጫ መቼ ነው ሚደረገው" ተብለው ነው ብዬ አምናለሁ።

እሺ ወደ ምዝገባው። ህጉ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው፣ አስፈፃሚው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ። ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ በምዝገባው ቀን 18 አመት የሞላህ መሆን፣ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። በ2013 በአካል ነበር ሚኬደው፣ ባልሽን ወይ ልጅሽን ልከሽ ማስመዝገብ አይቻልም፣ አንድ ሰው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው ሚመዘገበው፣ ሁለት ቦታ መመዝገብ ወንጀል ነው። እና ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር፣ ምዝገባው ለየምርጫው እንደ አዲስ ነው። የ2013ቱ ካርድ መሳቢያ ውስጥ አለ ብሎ የተቀመጠ ሰው ካለ ያ ካርድ ስራውን ጨርሷል፣ ለሚቀጥለው ምርጫ ሌላ ነው ሚወጣው። አንዳንድ ሰው ስነግረው ይደነግጣል።

በ2013 ምዝገባው መጋቢት ላይ ሲጀመር አዲስ አበባ በጣም ቀዝቃዛ ነበር። ጣቢያዎቹ አንዳንዶቹ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ አንዳንዶቹ መንገድ ዳር ድንኳን ተተክሎ፣ አስፈፃሚዎቹ ጠረጴዛ ላይ መዝገቡን ዘርግተው ቁጭ ብለው ሰው ሲጠብቁ ይውሉ ነበር። እኔ የሄድኩ ቀን ሌላ ሰው አልነበረም። ልጅቷ መታወቂያዬን ተቀብላ ስሜን እስከ አያት በቀስታ ፃፈች፣ እድሜ፣ የቤት ቁጥር፣ እዚህ አካባቢ ስንት ጊዜ ኖርክ፣ አስፈርማኝ ካርዱን ሞልታ ሰጠችኝ፣ ከዛ "ጓደኞችህን ንገራቸው እባክህ" አለችኝ። ድምጿ አሁንም ትዝ ይለኛል፣ ከልቧ ነበር። በኋላ የምዝገባው ቀን ተራዘመ፣ መጨረሻው ሲቃረብ ደግሞ ያ ባዶ የነበረ ጠረጴዛ ሰልፉ መንገድ ድረስ ወጣ፣ ያኔ አንድ ጣቢያ 1500 ሰው ከሞላ በኋላ ተጨማሪ ሰው ስለማይመዘግብ ንዑስ ጣቢያ እየተከፈተ ነበር የተሸፈነው። በመጨረሻ በሀገር ደረጃ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ ተባለ። የኛን ሰው ባህሪ እናውቀዋለን፣ የመጨረሻው ቀን ካልደረሰ አይነሳም፣ ግን ምዝገባ ላይ ይሄ አደገኛ ነው ምክንያቱም የሆነ ወረቀት ጎደለ ከተባልክ ለማሟላት ጊዜ የለህም።

የወረቀት ነገር ከተነሳ ደግሞ እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ ምክንያቱም ከመሀል ከተማ ሰው ብዙውን የሚጥለው ይሄ ነው። ዋናው የነዋሪነት መታወቂያ ነው፣ እሱ ባይኖር ማንነትህን የሚያሳይ ሌላ ሰነድ እንደ ፓስፖርትና መንጃ ፈቃድ ያሉትን መጠቀም ይቻላል፣ ምንም ሰነድ ለሌለው ሰው ደግሞ በምስክር የሚመዘገብበት መንገድ በህጉ አለ። ብዙ ሰው ይሄን የመጨረሻውን አያውቅም፣ መታወቂያዬ ጊዜው አልፏል ብሎ ቤቱ ይቀራል። ጊዜው አለፈ አላለፈ ብለህ ራስህ ላይ አትፍረድ፣ ሂድና ጠይቅ።

ተከራይ ግን ሌላ ጣጣ አለበት። አራት ኪሎና ቀበና አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ስንት ወጣቶች አሉ፣ መታወቂያቸው ግን የመጡበት ሀገር ወይም ሌላ ክፍለ ከተማ ነው። እዚህ ለማውጣት ከድሮው ወረዳ መሸኛ ማምጣት አለባቸው፣ አከራዩ ደግሞ በጥገኝነት አስመዝግባቸው ሲባል ይፈራል፣ ነገ ቤቱን ይጠይቁኛል ብሎ፣ ግብር ይመጣብኛል ብሎ፣ እና ልጁ አምስት አመት አራት ኪሎ ኖሮ በወረቀት ግን አራት ኪሎ የለም። ከተማው ውስጥ አዲስ መታወቂያ መስጠት ጭራሽ ቆሞ የነበረበት ጊዜም ነበር። አንድ የማውቀው ልጅ፣ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ነው፣ በ2013 መሸኛ ለማምጣት ሀገር ቤት ድረስ ሄዶ ሲመለስ ምዝገባው ተዘግቶ ደረሰ። ፖለቲካ የሚገባው፣ ሬዲዮ ከጆሮው የማይለይ ልጅ ነው፣ ያን ቀን ፊቱን ማየት ከብዶኝ ነበር። ለአከራዮች በሙሉ አክብሮት ምለው፣ ተከራያችሁ በስማችሁ ጥገኛ ሆኖ መመዝገቡ ቤታችሁን አይወስድባችሁም፣ ልጁን ግን ሰው ያደርገዋል።

ፋይዳ አለኝ በቃ የሚሉም ብዙ ናቸው። ፋይዳ ጥሩ ነው፣ አንድ ሰው አንድ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ባንክም ቴሌም ይሰራል። ግን ፋይዳ የሚሰጠው ለነዋሪ ነው፣ እዚህ የሚኖር የውጭ ሀገር ዜጋም ያወጣል፣ ስለዚ የዜግነት ማስረጃ አይደለም። መምረጥ ደግሞ የዜጋ መብት ነው። ስለዚ ፋይዳ ስላላችሁ ብቻ የወረዳ መታወቂያችሁን አትርሱት።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በ2016 ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ሲፈርስ፣ በ2017 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ካዛንቺስ ሲነሳ፣ ሰዉ አቃቂ ቃሊቲ ወዳለው ገላን ጉራ፣ ወደ ለሚ ኩራ፣ ወደ ተለያዩ ኮንዶሚኒየሞች ተበተነ። ስለ ኮሪደር ልማቱ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን ዛሬ አልገባበትም፣ መብራቱም መንገዱም ያምራል፣ የተነሳው ሰው እንባም እውነት ነው፣ ሁለቱም አለ። እኔ ማነሳው የድምፅ ጉዳዩን ነው። የምርጫ ክልል ማለት ምድር ላይ የተሰመረ መስመር ነው፣ መስመሩ አይነሳም፣ የሚነሳው ሰው ነው። ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ፣ ሶስት ትውልድ እዛ የኖረ ቤተሰብ፣ አሁን ድምፁ የሚቆጠረው አቃቂ ቃሊቲ ነው። እዛ ያሉትን እጩዎች አያውቃቸውም፣ እነሱም አያውቁትም፣ የምርጫ ጣቢያው የት እንደሆነ ለማወቅ እንኳን ጎረቤት ነው ሚጠየቀው፣ ጎረቤቱም አዲስ ነው። ጣቢያ ሆነው ያገለግሉ የነበሩ ቦታዎችም አብረው ፈርሰዋል፣ እዚህ የቀረነውም "ባለፈው የመረጥኩበት ቦታ" ብለን ብንሄድ አጥር ልናገኝ እንችላለን።

ገላን ጉራ የሄደች የእናቴ ጓደኛ አለች፣ እትዬ ነው ምላት፣ ለበአል ልጠይቃት ሄጄ ቤቷን አየሁት፣ ንፁህ ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ አንዳንዴ ይጠፋል። ቡፌው ላይ የድሮው የካዛንቺስ መታወቂያዋና የዛን ጊዜ የምርጫ ካርዷ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። "እትዬ መሸኛሽን አስገባሽ ወይ?" ስላት "ኧረ ልጄ ልቤ እዛው ነው፣ ለምርጫ እዛው እሄዳለሁ" አለችኝ። ላሳዝናት አልፈለኩም ግን ነገርኳት፣ ካለፈው ስድስት ወር ወዲህ እዛ አልኖርሽም፣ ቤት ቁጥርሽ የለም፣ እዛ ብትሄጂ አይመዘግቡሽም፣ እዚህ ደግሞ መታወቂያሽን ካላዛወርሽ እዚህም ይከብድሻል፣ መሀል ላይ ትቀሪያለሽ አልኳት። ዝም አለች። ከዛ "ታዲያ እዚህ ማንን ነው ምመርጠው?" አለች። እሱን እንኳን ቀስ ብለሽ ታውቂያለሽ፣ መጀመሪያ ስምሽ ይግባ አልኳት። ልጇ በማግስቱ ይዟት ሄዶ መዝገባቸውን አስተካክለዋል።

እንደሷ ያሉ ሰዎች ስንት እንደሆኑ አስቡት። ከመሀል ከተማ የተነሳ ሰው ሁሉ መታወቂያውን ካላዛወረ፣ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ድምፅ አልባ ሆነ ማለት ነው፣ ማንም ሳይከለክለው። እዛ አዲሱ ሰፈር ውስጥ ትራንስፖርት የለም፣ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፣ ውሃ ይጠፋል የሚሉ ሰዎች በሙሉ እዛ መዝገብ ላይ ቢኖሩ እኮ በአብላጫ ድምፅ ስርዓት ውስጥ፣ ብዙ ያገኘ አሸናፊ ነው በቃ ሌላ ስሌት የለውም፣ አንድ ላይ የሰፈረ ህዝብ ትልቅ ጉልበት ነው። በ2002 በመላ ሀገሪቱ ተቃዋሚዎች ፓርላማ ያገኙት አንድ ወንበር ነበር፣ መድረክ የተባለውን የተቃዋሚዎች ጥምረት ወክለው የተወዳደሩት አቶ ግርማ ሰይፉ፣ ያም ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። አንድ የምርጫ ክልል፣ መርካቶ አካባቢ። ሰው አንድ ምርጫ ክልል ምን ይለውጣል ይላል፣ አምስት አመት ሙሉ ፓርላማ ውስጥ የተለየ ድምፅ ይሰማ የነበረው በዛ አንድ ክልል መራጮች ምክንያት ነው። ቅድም እመጣበታለሁ ያልኩት ይሄን ነው፣ ከትልልቆቹ ጋር የማልስማማበት ምክንያት። 1997 ላይ የተሰጠው ድምፅ ከንቱ አልቀረም፣ ከተማዋ ምን እንደምትፈልግ በቁጥር ተፅፎ ቀርቷል፣ ማንም ሊክደው አይችልም። ቤቱ የቀረ ሰው ግን ምን እንደፈለገ አይታወቅም፣ ሌላው ነው በሱ ስም ሚናገረው።

አንድ ሌላ ማምታቻ አለ፣ የምርጫ ክልል ቁጥርና አሁን የምንኖርበት ወረዳ ቁጥር አንድ አይደለም። አዲስ አበባ አሁን 11 ክፍለ ከተማ ነው ያላት፣ ለሚ ኩራ በ2013 ከተጨመረ በኋላ፣ የፓርላማ ምርጫ ክልሎቹ ግን 23 ናቸው። ስለዚ "እኔ ወረዳ 9 ነኝ" ብሎ ምርጫ ክልል 9 መፈለግ ዋጋ የለውም፣ ካርዱ ላይ የተፃፈውን ነው ማየት፣ የምርጫ ክልሉም የጣቢያውም ስም እዛ ላይ አለ። ጣቢያ ደግሞ ዝም ብሎ የትም ቦታ አይከፈትም፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ቤተ እምነት፣ መጠጥ ቤት ውስጥ ህጉ ይከለክላል።

ከምዝገባ በኋላ መዝገቡ ለህዝብ ይፋ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው የህጉ ክፍል ይሄ ነው ግን ማንም አይጠቀምበትም። ሄደህ ስምህ በትክክል መግባቱን ታያለህ፣ የሞተ ሰው ስም ካለ፣ እዛ የማይኖር ሰው ከተመዘገበ፣ አንተ ተመዝግበህ ስምህ ከጠፋ፣ ጣቢያው ላይ አቤቱታ ታቀርባለህ፣ ካልተስማማህ ፍርድ ቤት ድረስ መሄድ ትችላለህ። ምርጫው ካለፈ በኋላ መዝገቡ ላይ እንትን ነበረ እንትን ተጨመረ እያሉ ከማውራት በዛ ሳምንት አስር ደቂቃ ሰጥቶ ማየት። ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል፣ ማን እንደሚኖርና እንደማይኖር ከሰፈሩ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም።

ስለ ድምፅ መስጫው ቀን ብዙ አልልም፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው ሚጀመረው፣ ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ለታዛቢዎችና ለፓርቲ ወኪሎች ይታይና ይታሸጋል። ካርድህን ትሰጣለህ፣ ስምህ መዝገቡ ላይ ይፈለጋል፣ ትፈርማለህ፣ ጣትህ ቀለም ይቀባል፣ ወረቀትህን ይዘህ መጋረጃው ጋ ብቻህን ትገባለህ። በ2013 ሰኔ 14 አዲስ አበባ ሰልፉ እንዳያልቅ ሆኖ ነበር፣ ማብቂያው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ። ነጠላቸውን ተከናንበው ትንሽ በርጩማ ይዘው የመጡ እናቶች፣ ወጣቶቹ ቦታ እየለቀቁላቸው፣ አንዱ ጃንጥላ ለማያውቀው ሰው አካፍሎ፣ ፓርቲ ምናምን ሳይባባሉ። ማታ ደግሞ ቆጠራው እዛው ጣቢያው ውስጥ ነው ሚደረገው፣ ውጤቱም እዛው በር ላይ ይለጠፋል። የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ ማንሳት ልመዱ፣ ቲቪ ላይ ከሚነገረው በፊት የሰፈራችሁን ቁጥር በራሳችሁ አይን ያያችሁት እሱ ነው።

በዚህ ወር የእድራችን ስብሰባ ላይ ይሄን ጉዳይ አንስቼ ነበር። ከእድር የተሻለ ቦታ አላገኘሁም ምክንያቱም ማን የት እንደሚኖር፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ወደ የት እንደሄደ የእድሩ መዝገብ ያውቀዋል፣ ከካዛንቺስና ከፒያሳ የተነሱት አባሎቻችን ገላን ጉራ ሆነው እንኳን ወርሃዊ መዋጮ በቴሌብር ይልካሉ። ዳኛው፣ ጋሼ ነው ምንላቸው፣ መጀመሪያ "እድር ፖለቲካ አይገባም" አሉ፣ ትክክል ናቸው፣ መግባትም የለበትም። እኔም ማንን ምረጡ አልልም፣ መታወቂያችሁ የት ነው ብቻ ነው ምጠይቀው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "እሱማ የቤት ስራ ነው እንጂ ፖለቲካ አይደለም" ብለው ፈቀዱ። የተስማማነው ይሄን ነው፤ ምዝገባ ሲከፈት ፀሀፊው ለሁሉም አባል በስልክ ይናገራል፣ የተዛወሩት መሸኛ ማስገባታቸውን እንጠይቃለን፣ አቅም ያጠራቸውን አዛውንቶች ወጣቶቹ ታክሲ ይዘው ጣቢያው ድረስ ያደርሳሉ፣ መዝገቡ ይፋ ሲሆን ደግሞ ሁለት ሶስት ሰው ሄዶ የአባላቱን ስም ያያል። የእናንተም ሰፈር እድር ካለው፣ ደግሞ የሌለው ሰፈር የለም፣ ለዳኛው አሁኑኑ ንገሩት፣ መሸኛ ለማውጣት ጊዜ ይፈጃልና ምዝገባው እስኪታወጅ አትጠብቁ።